«ነፃ መኪና» ለምትሉት
አንድ ጽሑፍ የእንግሊዙን ሞታቢሊቲ (አካል ጉዳተኞች መኪና የሚያገኙበትን ፕሮግራም) «መንግሥት የሚያድለው ነፃ መኪና» ማለቱ ልክ አይደለም። ኪራይ እኮ ነው! አካል ጉዳተኛው ለመንቀሳቀሻ የሚከፈለውን ድጎማ ሰጥቶ ይከራየዋል፤ ኢንሹራንሱና ሰርቪሱ በዚያው ይካተታል። ወደድ ያለ መኪና ካማረው ልዩነቱን ከኪሱ ይከፍላል።

ጥቅሙ የሚገባው የድሮውን ላየ ነው። በፊት መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጣቸው ባለሦስት ጎማዋ ሰማያዊ መኪና መቀመጫዋ አንድ ብቻ ነበር። እናት ልጇን አሳፍራ ትምህርት ቤት ማድረስ አትችልም ነበር። ዛሬ እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ነዳጅ መስጫውንም ፍሬኑንም በእጁ እየተቆጣጠረ ቤተሰቡን ይዞ ይወጣል።

«አውቶቡስ አለ» ለምትሉም፦ የለንደን አውቶቡስ ላይ የዊልቸር ቦታው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ሌላ ዊልቸር ከቀደመ፣ በዚያ ዝናብ ቀጣዩን መጠበቅ ነው።