ወንፈሉ ያልተቆጠረበት የቡድን ሥራ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ተማሪው ወደየቤተሰቡ ሲመለስ፣ እኔ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበርሁ፤ ትምህርቴንም መንዝ ውስጥ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ካለው የወላጆቼ ቤት ሆኜ በስልክ መከታተል ግድ ሆነብኝ። አስተማሪያችን የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተው፣ ፒዲኤፎቹን ጭነው፣ ስድስት ስድስት እየሆንን በሁለት ሳምንት ውስጥ የቡድን ሥራ እንድናስገባ አዘዙን። ከቡድናችን ሁለቱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ደብረ ብርሃን፣ አንዱ ሸዋ ሮቢት፣ አንዷ መርሐቤቴ ዓለም ከተማ ነበሩ። ለእኔ ኔትወርክ የሚገኘው ከቤታችን በላይ ካለው ጋራ ላይ ብቻ ስለነበር፣ ማታ ማታ ጋቢዬን ተከናንቤ እየወጣሁ የመጣውን መልእክት አንብቤ እመለስ ነበር።

ቤቱ ዋይፋይ የነበረው የአዲስ አበባው ጓደኛችን ሥራውን ከሞላ ጎደል ብቻውን ጻፈው። የቀረነው «እሺ»፣ «ጥሩ ነው»፣ «ተስማምቻለሁ» እያልን ሰነበትን፤ በመጨረሻው ቀን ደግሞ «ስሜን እንዳትረሱ» የሚሉ መልእክቶች ተከታተሉ። የዓለም ከተማዋ ልጅ ግን በስሌቱ ውስጥ የነበረውን ስሕተት አግኝታ፣ በደብተሯ ላይ አርማ፣ ፎቶ አንሥታ ልካልን ኖሯል። መብራት ጠፍቶባት ስለነበር መልእክቷ የደረሰን ሥራው ከገባ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ውጤቱ ለስድስታችንም እኩል ተሰጠ። እኔ ከሠራሁት በላይ አግኝቻለሁ፤ እሷ ግን የሠራችው እንኳ አልታየላትም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አሁን እኔም አስተማሪ ነኝ፤ ይኸው ነገር በተማሪዎቼ ላይ ሲደገም አያለሁ። ጉዳዩ በተነሣ ቁጥር የሚጠቀሰው የኔትወርክ ችግር ነው፤ ችግሩም እውነት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ፣ በኢንተርኔት ተባብሮ መማር ቀርቶ አንድ ሞጁል ማውረድም ብርቅ ነበር። ይሁን እንጂ በአንድ ዶርም እያደሩ በአንድ ዋይፋይ የሚጠቀሙ ተማሪዎችም «ስሜን ጻፉልኝ» ሲባባሉ ስሰማ፣ ጉድለቱ ከእኛ ከአስተማሪዎች የሥራ አሰጣጥም እንደሚመነጭ አምናለሁ። የምናርመው የገባውን ፋይል ነው፤ ፋይሉ እንዴት እንደተሠራ አንጠይቅም።

የሸዋ ገበሬ ደቦንና ወንፈልን ለይቶ ያውቃል። ለደቦ ጠሪው ጠላና እንጀራ አዘጋጅቶ አገሩን ይጠራል፤ ማን ስንት ነዶ አጨደ ብሎ አጥብቆ አይቆጥርም። በወንፈል ግን ቀን ይቆጠራል፤ ዛሬ የእኔን ማሳ ላጨደልኝ ነገ የእሱን አጭድለታለሁ፤ የቀረ ሰው ካለም ቦታው ክፍት ሆኖ ይታያል። በቴሌግራም ላይ የምናሠራው የቡድን ሥራ ደቦ ሆኗል፤ ሊሆን የሚገባው ግን ወንፈል ነው። ፈረንሳዊው የግብርና መሐንዲስ ማክሲሚሊያን ሪንግልማን እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናት፣ ገመድ የሚጎትቱት ሰዎች በበዙ ቁጥር ከእያንዳንዱ የሚገኘው ጉልበት እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ዋናውን ምክንያት ያየውም በስንፍና ሳይሆን ጉልበታቸውን በአንድ ጊዜ ባለማቀናጀታቸው ነበር። ጓደኛሞች ፊት ለፊት በማይተያዩበት በኢንተርኔት ላይ ደግሞ መቀናጀቱ የበለጠ ይከብዳል።

ስለዚህ ቡድኑ ከአራት ሰው ባይበልጥ ይሻላል። ሁሉንም በአንድ ሰዓት በዙም ቪዲዮ ሰብስቦ ማወያየት መንዝና መርሐቤቴ ላለ ተማሪ ደጅ መዝጋት ነው፤ ሁሉም በተመቸው ሰዓት የሚልከው ጽሑፍና የድምፅ መልእክት ግን በደካማ ኔትወርክም ይደርሳል። ሥራው በደረጃ ተከፍሎ በየደረጃው መካከል አንድ ሳምንት ቢሰጥ፣ በገበያ ቀን ወደ ከተማ ሲወጣ ብቻ ኔትወርክ የሚያገኝ ተማሪም ድርሻውን ያደርሳል። እያንዳንዱ ተማሪ የጓደኞቹን ሳያይ የራሱን ሐሳብ በቅድሚያ ይጻፍ፤ በደብተር ጽፎ ፎቶውን ቢልክም ይበቃል። ኔትወርኩ በሚፈቅድበት ቦታ ጉግል ዶክስ ማን የትኛውን አንቀጽ መቼ እንደለወጠ መዝግቦ ስለሚያስቀምጥ፣ አስተማሪው የፈለገውን ማየት ይችላል።

60 ተማሪ ለሚያስተምር ሰው ይህ ተጨማሪ ሸክም መሆኑን በራሴ አውቀዋለሁ፤ አራት አራት ሲሆኑ 15 ቡድን ነው። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ወደ ፈተናው አዳራሽ ደግሞ የሚገባው ብቻውን ነው። አራት ዓመት ሙሉ ስሙን ሲያስጽፍ የኖረውን ልጅ ያኔ የሚያስታውሰው ቡድን የለም፤ እኛ እኩል ውጤት ስንሰጠው የበደልነው እሱንም ጭምር ነው።

እኔ በዚህ ሴሚስተር የቡድን ሥራውን 20 ነጥብ ለሁለት ከፍዬዋለሁ፤ 8ቱ ለጋራው ጽሑፍ፣ 12ቱ እያንዳንዱ ተማሪ ለጻፈውና በጓደኛው ሥራ ላይ ለሰጠው እርማት። የትምህርት ክፍሌ ባልደረቦችም የሚቀጥለውን ኮርስ አውትላይን ስናዘጋጅ ይህንኑ አብረውኝ እንዲያዩት እጠይቃለሁ።