የጥብስ ቅጠልን በውሃ የምትገድሉ ሁሉ ዛሬ ትሰሙኛላችሁ

አሁን ስልኩን ዘጋሁ፤ ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው።

ናና እና የጥብስ ቅጠል አንድ አይደሉም። አይደሉም! ሁለቱም መዓዛ ስላላቸው፣ ሁለቱም አንዴ ከተተከሉ ለዓመታት ስለሚቆዩ ብቻ በአንድ ጆግ አብረው አያድጉም። ስንቴ ልበል?

ጭውውቱ ይኸውላችሁ፦

«ልጄ፣ የጥብስ ቅጠሉ ከጫፉ እየጠቆረ ረገፈብኝ። ምን ላድርገው?»
«በስንት ቀን ነው የሚያጠጡት እትዬ?»
«በስንት ቀን? ጠዋትም ማታም ነዋ! አንድ ቀን አስጠምቼው አላውቅም።»
«ከማሰሮው ሥር ሳህን አለ?»
«አለ እንጂ፤ ወለሉ እንዳይበላሽ። ውሃም ይይዝለታል።»

ውሃም ይይዝለታል!

«እትዬ፣ ሥሩ በስብሶ ነው። ሳህኑን ያንሱት፣ ማጠጣቱንም ያቁሙ።»
«በውሃማ አይደለም። ናናው አጠገቡ አይደል እንዴ? እኩል ነው የማጠጣቸው፤ እሱ ጫካ ሆኗል። አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ታካብዳለህ። ይሁን፣ የሚያውቅ ሰው እጠይቃለሁ።»

የሚያውቅ ሰው። ታላቄ ናቸውና «እሺ እትዬ» ብዬ ዋጥኩት። እናንተ ግን ታላቆቼ አይደላችሁም፤ ቁጭ በሉ።

የጥብስ ቅጠል ከሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ ከድንጋያማና ደረቅ ተዳፋት የመጣ ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉን እዩት እስቲ፦ ቀጭን፣ ጠንካራ፣ ጠርዙ ወደ ታች የተጠቀለለ። ውሃ እንዳያባክን ነው እንዲህ የሆነው። ናና ደግሞ የወንዝ ዳር፣ የእርጥብ መሬት ልጅ ነው፤ ቅጠሉ ሰፊና ስስ፣ ከጠማው በግማሽ ቀን ጠውልጎ የሚያስለቅስ። አጠጡት፣ ከሰዓታት በኋላ ቀና ይላል። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፤ ናና ያስተማረውን ይዞ ወደ ጎረቤቱ ማሰሮ ይዞራል።

ሥር አየር ይፈልጋል። የአፈሩ ቀዳዳ ሁሉ በውሃ ተሞልቶ ከቆየ ሥሩ ይታፈናል፤ ፋይቶፍቶራን የመሰለ አበስባሽ ተከትሎ ይገባል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ላዩ የተጠማ ይመስላል፦ ጫፉ ቡናማ ይሆናል፣ ቅርንጫፉ ይደርቃል። ባለቤቱ ያያል፣ ያዝናል፣ ጆጉን ያነሳል። በአዘኔታ መግደል ይሉታል ይሄንን! ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ በጥም ይሞታል፤ ገዳዩ ደግሞ ለቅሶ ይቀመጣል።

መለኪያው ጣታችሁ ነው። ለጥብስ ቅጠል ጣታችሁን ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አስገቡ። እርጥብ ነው? ተዉት። ደረቅ ነው? ከታች እስኪፈስ አጠጡና የፈሰሰውን ድፉት። ለናና ላይኛው 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከደረቀ በቂ ነው፣ አጠጡ። «በሳምንት ስንቴ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አለ፤ ሙቀቱ፣ ነፋሱ፣ የማሰሮው ስፋት የማያገባው ይመስል።

ከተጠራጠራችሁ ተክሉን ከነአፈሩ አውጡና ሥሩን እዩ። ጤነኛው ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ቡናማ ወይም ጥቁር፣ ልፍስፍስ፣ ሲጎትቱት ልጡ በእጅ የሚቀር፣ የሚገማ። አብዛኛው እንዲህ ከሆነ አትድከሙ፤ ከላይ ገና አረንጓዴ የሆነውን ቆርጣችሁ አዲስ አብቅሉ።

አፈሩስ! ለጥብስ ቅጠል ሁለት እጅ የማሰሮ አፈር፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ወይም ፐርላይት (አፈር የሚያላላ ነጭ፣ ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ)። ሻካራ አልኩ። ደቃቁ አሸዋ ቀዳዳውን ደፍኖ ይብሱኑ ያጠቀጥቀዋል። ደግሞ እባካችሁ፣ ከማሰሮው ሥር ጠጠር መደርደሩን ተዉት። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጠጠሩ ያደረገው ነገር ቢኖር እርጥቡን ክፍል ወደ ሥሩ ማቅረብ ነው። ይሄንን ለስንት ሰው እንዳስረዳሁ! ሁሉም አንገቱን ይነቀንቃል፣ ሁሉም ሄዶ ጠጠር ይለቅማል። ቀዳዳ ያለው የሸክላ ማሰሮ፣ የተስተካከለ አፈር፣ አለቀ። ናና ግን ኮምፖስት የበዛበት፣ እርጥበት የሚይዝ አፈር ስጡት፣ ደስ ይለዋል።

ፀሐይ፦ የጥብስ ቅጠል በቀን ለ6 እስከ 8 ሰዓታት ያህል ቀጥታ ፀሐይ ይፈልጋል። ናና ግማሽ ጥላ ይበቃዋል፤ የከሰዓቱ ፀሐይ ከከበደ ጥላው እንዲያውም ይጠቅመዋል። ማዳበሪያ ለጥብስ ቅጠል አታብዙ፤ ልፍስፍስ ቅርንጫፍና የደከመ መዓዛ ነው የምታተርፉት።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ ልምጣ። ሁለቱን አንድ ማሰሮ ውስጥ ተክሎ፣ ሪባን አስሮ የሚሸጥ ሰው! ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? ለናናው ካጠጣችሁ የጥብስ ቅጠሉ ይበሰብሳል፤ ለጥብስ ቅጠሉ ብላችሁ ማጠጣቱን ከተዋችሁ ናናው ይጠወልጋል። መሃል መንገድ የለም። ለነገሩ ናናው ተሳቢ ግንዱን ልኮ ማሰሮውን ሁሉ ስለሚወርሰው ክርክሩ ቶሎ ያልቃል።

«ዘመዳሞች አይደሉም እንዴ?» የምትሉ ሊቃውንትም አላችሁ። አዎ፣ ቤተሰባቸው አንድ ነው፣ ላሚያሴ። የጥብስ ቅጠልን እንዲያውም ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሳልቪያ የሚባለው የተክል ወገን ውስጥ አስገብተውታል፤ ሳልቪያ ሮዝማሪነስ ነው የሚባለው። ታዲያ ዘመድ ስለሆነ አንድ ዓይነት ይጠጣ? የእናንተስ ዘመዶች እኩል ነው የሚጠጡት?

መቁረጥ ላይም ያው ነው። ናና ሊያብብ ሲል ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ሙልጭ አድርጋችሁ እጨዱት፤ ከሥር እንደ አዲስ ይወጣል። ካላጨዳችሁት ይረዝማል፣ ቅጠሉ ያንሳል፣ ጣዕሙም ይወርዳል። ይሄንን ያየ ሰው መቀሱን ይዞ የጥብስ ቅጠሉንም እስከ ግንዱ ይላጨዋል። ወዳጄ፣ ቅጠል የሌለው አሮጌ እንጨት አብዛኛውን ጊዜ አያቆጠቁጥም። ካበበ በኋላ ቅጠል ካለበት ክፍል ላይ፣ ቢበዛ አንድ ሦስተኛውን ብቻ። እስከ ግንዱ ከላጫችሁት ግን የቀረው ሞቶ ነው የሚያያችሁ።

ዘርማ አታንሱብኝ። የጥብስ ቅጠል ዘር በዝግታ ይበቅላል፤ ብዙውም አይበቅልም። ያላበበ ለጋ ቅርንጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፉ፣ እርጥብ አሸዋማ አፈር ውስጥ ሰክታችሁ ብርሃን ያለበት ጥላ ስር አስቀምጡ። ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። በየቀኑ እየነቀላችሁ «ሥር አወጣ?» አትበሉ! ናና ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በአንድ ሁለት ሳምንት ሥር ያወጣል፤ ውሃውን መቀየር ብቻ ነው። የፔፐርሚንት ዘር ተብሎ የታሸገ ካያችሁ ደግሞ ሳቁ። ፔፐርሚንት ስፒርሚንትና የውሃ ናና የሚባሉ ሁለት የናና ዓይነቶች ዲቃላ ነው፤ መካን ነው። ምን ዘር?

ናናን «ለጊዜው» መሬት ላይ የተከላችሁ፣ አዝናለሁ። ለጊዜው የሚባል ናና የለም። ታቹ ተቆርጦ የወጣ ባልዲ 30 ሴንቲ ሜትር ቅበሩና ውስጡ ትከሉት፤ የባልዲው አፍ 5 ሴንቲ ሜትር ከአፈሩ በላይ ይቁም። እንዲያም ሆኖ ተሻግሮ የሚወርደውን እየተከታተላችሁ ቁረጡ። ማሰሮ ውስጥ ከሆነ ማሰሮውን ባዶ አፈር ላይ አታስቀምጡት፤ በቀዳዳው ሹልክ ብሎ ይሄዳል። በየሁለት ሦስት ዓመቱ አውጡት፣ የደረቀውን መሃሉን ጣሉ፣ ከዳር ያለውን ወጣቱን መልሳችሁ ትከሉ። ከቅጠሉ ሥር ብርቱካንማ ነጠብጣብ ካያችሁ ዋግ ነው፤ የተያዘውን ቆርጣችሁ አስወግዱ፣ ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጨምሩት።

ውርጭ ባለበት ደግሞ ናናው ላዩ ሲደርቅ «ሞተ» ብሎ የሚጥል አለ። አልሞተም! ከሥሩ ይመለሳል። የሞተውን የጥብስ ቅጠል ግን ወር ሙሉ ያጠጡታል።

እትዬ አሁን መልእክት ላኩልኝ። የሚያውቀው ሰው «ውሃው ሳያንሰው አይቀርም» ብሏቸዋል።