የአለርጂ ክትባት ምልልሱን ይቀንስ፣ መጠኑን ግን አይንካ

አዲስ የአለርጂ ክትባት እየተሠራ ነው ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ታማሚው ስንት ጊዜ ይመላለሳል የሚለው ነው። የሚሠራ ክትባትማ ድሮም አለ። ሊዮናርድ ኑን ለንደን በሚገኘው ሴንት ሜሪስ ሆስፒታል የሣር አበባ ብናኝ በመርፌ መስጠቱን በጽሑፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው።

አካሄዱ ዛሬም ብዙ አልተለወጠም። የሚያስቸግረው ነገር፣ ብናኝም ይሁን የንብ መርዝ፣ እጅግ በጥቂቱ ከቆዳ ሥር ይወጋል። በየሳምንቱ እየጨመረ በወራት ውስጥ ሙሉ መጠን ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በየአራት ሳምንቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቀጥላል። ከየመርፌው በኋላ 30 ደቂቃ ክሊኒክ ውስጥ መቆየት ግድ ነው፤ ከባድ የሰውነት ምላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ያኔ ነውና። ምላሹን የሚያስቆመው መድኃኒት አድሬናሊን እዚያው መኖር አለበት፤ ለአዋቂ እስከ 0.5 ሚሊግራም፣ በጭን የውጭ ጎን ጡንቻ ላይ። አስሙ የተነሳበት ሰው በዚያ ቀን አይወጋም። ይህን ማሟላት የማይችል ክሊኒክ ሕክምናውን ባይጀምረው ይሻላል።

ብዙዎች ምልልሱ ሰልችቷቸው ያቋርጣሉ። ቢሆንም መጠን ቀንሶ ማሳጠር መፍትሔ አይደለም። ንብና ተርብ ሲነድፋቸው ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ የሚነሳባቸው ሰዎች ለአሥርት ዓመታት ሲወጉ የኖሩት ሙሉ ነፍሳቱ ተፈጭተው የሚወጣውን ጭማቂ ነበር፤ በውስጡ ያለው መርዝ እዚህ ግባ አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በክትትል ሥር ታማሚዎቹን አስነደፏቸው። ንጹሕ መርዝ ከወሰዱት 18 ሰዎች የታመመው አንድ ብቻ ነው። ጭማቂውን ከወሰዱት 11 ሰዎች 7ቱ፣ መድኃኒት የሌለበት መርፌ ከተወጉት 12 ሰዎችም 7ቱ ታመሙ። ያ ሁሉ ሰው በከንቱ ተመላልሷል ማለት ነው! አሁን የሚሰጠው ሙሉ መጠን 100 ማይክሮግራም መርዝ ነው።

ተስፋ የሚጣልበት መንገድ አለርጂ የሚያስነሳው አይ.ጂ.ኢ. የተባለ ፀረ እንግዳ አካል የሚይዘውን የብናኙን ወይም የመርዙን ፕሮቲን ክፍል መለወጥ ነው። የአለርጂ ምላሹን የሚለቁት ማስት ሴሎች የተባሉ የሰውነት ሴሎች ካልተቆጡ በጥቂት መርፌ ብዙ መስጠት ይቻላል፤ ሰውነትም አለርጂውን የሚያግድ አይ.ጂ.ጂ. የተባለ ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። በቪየና የተሠራው የሣር ብናኝ ክትባት ቢኤም32 በዚህ መንገድ የተቀረጸ ነው።

ማጠር ብቻውን ግን አያስመካም። ከድመት ፕሮቲን ቁርጥራጮች ተሠርቶ በጥቂት መርፌ ያልቃል የተባለው ክትባት እ.ኤ.አ. በ2016 በመጨረሻው ምዕራፍ ሙከራ ወድቋል፤ መድኃኒት የሌለበት የይምሰል መርፌ የተወጉትም የዚያኑ ያህል ተሽሏቸው ነበር። ስለዚህ አዲስ ክትባት ከይምሰል መርፌ ጋር ይነጻጸር፣ መርፌው ካቆመ በኋላም ታማሚዎቹ ቢያንስ ሁለት የብናኝ ወቅት ይከታተሉ።