«ነጭ ነው ቢጫ?»

የቤታችንን የጂፕሰም ኮርኒስ ካሠራን በኋላ ለየክፍሉ የሚሆን የኤልኢዲ መብራት ለመግዛት መርካቶ ወርጄ ሦስት ሱቅ ብዞርም፣ ከሻጮቹ የሰማሁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ነጭ ነው ቢጫ?» ስለ ሉመን፣ ማለትም ስለሚሰጠው የብርሃን መጠን፣ ስጠይቅ የሚመለስልኝ ዋት ነው፤ ዋት ግን የሚነግረን መብራቱ የሚበላውን ኃይል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይደለም። አንደኛውማ «ወንድሜ፣ ሁሉም ያበራል» ብሎ ገላገለኝ።

እኔም ደክሞኝ ባለ 6500 ኬልቪኑን ነጭ ለሁሉም ክፍል ገዛሁ፤ ኬልቪን የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ወደ ቢጫ፣ ሲበዛ ወደ ነጭ ይሄዳል። ለመኝታ ቤት ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን ያለው ሞቅ ያለ ብርሃን እንደሚሻል የሚነግረኝ ሰው በማጣቴ፣ አሁን የምንተኛው መርፌ መውጊያ ክፍል በሚመስል ቤት ውስጥ ነው። የባሰው ግን ማዕድ ቤቱ ነው፤ ባለቤቴ ግማሽ ቀን ደክማ የሠራችው ቀይ ወጥ በዚያ ብርሃን ሥር ሲታይ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ቀለምን አሳምሮ የማሳየት አቅሙ፣ ማለትም ሲአርአይ የሚባለውና ቢያንስ 80፣ ለማዕድ ቤት ደግሞ 90 ቢሆን የሚመረጠው ቁጥር፣ ካርቶኑ ላይ ጭራሽ አልተጻፈም።

የመታጠቢያ ቤቱ ደግሞ እንፋሎት ገብቶበት በሦስተኛው ሳምንት ይርገበገብ ጀመር። አምፖሉ ከነአካሉ የተጣበቀ ስለሆነ ብቻውን አይቀየርም፤ ደረሰኝ ይዤ ብመለስ ሻጩ «ሲወስዱት እኮ ይሠራ ነበር» አለኝና፣ ለሚቀጥለው ደንበኛ «ነጭ ነው ቢጫ?» ሲል ሰማሁት።