ያንኑ ቀይ ስጡን

እኛ በምንኖርበት አውሮፓ የቤት ማስዋቢያ መደብር ገብቶ የሶፋ ትራስ ያነሳ ሰው ትራሱን ብቻውን አያገኘውም። አጠገቡ በዚያው ቀለም የተሠራ መጋረጃ አለ። የዚያው አበባ አነስ ብሎ ያረፈበት የጠረጴዛ ልብስ አለ። ከአበባው ቀለሞች አንዱን ብቻ ወስዶ ልሙጥ ሆኖ የተሠራ ብርድ ልብስም ታጥፎ ተቀምጧል። ትራስ ብሎ የገባው ሦስት ዕቃ ይዞ ይወጣል። ሽሮ ሜዳ ደግሞ ዓይን የሚያፈዝ ጥለት ያለው ጨርቅ ተሰቅሎ ይታያል። "ለሶፋው ስድስት ትራስ፣ ከዚሁ ደግሞ መጋረጃ ይኖራችኋል?" ሲባል መልሱ "ያለው ይኸው ነው፤ ተመሳሳዩን እናሠራልዎታለን" ነው። ተመሳሳዩ ሲመጣ ቀዩ ወደ ብርቱካን አድልቷል፤ ስፋቱም ሦስት ጣት ጎድሏል።

ይህ የሙያ ጉድለት አይደለም። የዶርዜ ሸማኔ ጥለት ሲጥል ያየ ሰው ስለ ችሎታ አይጠይቅም። ልዩነቱ እኛ አንድ አንድ ዕቃ መሸጣችን፣ አውሮፓውያኑ ስብስብ መሸጣቸው ነው። ስብስብ ስንል አንዱ ሌላውን የሚጠራ፣ ልኩ ተጽፎ የተቀመጠ፣ ከዓመት በኋላም ያው ሆኖ የሚወጣ ዕቃ ነው። ፊንላንዳዊቷ ሠዓሊ ማይያ ኢሶላ በ1964 እ.ኤ.አ. ለማሪሜኮ ኩባንያ የሣለችው ኡኒኮ የተባለ የአበባ ንድፍ እስከ ዛሬ በመጋረጃ፣ በፎጣና በኩባያ ላይ እየታተመ ይሸጣል። አገር ቤት ያለው ሠዓሊ ሸራውን አንዴ ይሸጥና ሥዕሉ ከአንድ ሳሎን ግድግዳ ሳይወጣ ይቀራል። የሚያስቆጨው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሥራው ያን ያህል ሩቅ አይደለም።

ስብስብ በአንድ ዋና ንድፍ ይጀመራል። ትልቁና ብዙ ቀለም ያለው እሱ ነው። የብራና መጻሕፍት ሐረግ ዋና ንድፍ ቢሆን፣ ከሐረጉ አንዲት ጉንጉን ተነጥላ ስትደጋገም መካከለኛ ንድፍ ትሆናለች፤ ሁለት እንዲህ ያሉ ይበቃሉ። ቀጥሎ ከሩቅ ሲታዩ ልሙጥ የሚመስሉ ሁለት ደቃቅ ንድፎች፣ ነጥብ ወይም ሰረዝ፣ በመጨረሻም አንድ ወይም ሁለት ልሙጥ ጨርቅ ይገባሉ። በጠቅላላው ስድስት ወይም ሰባት ንድፍ፣ ቀለሙም ከአምስት እስከ ሰባት። ከዚህ በላይ የሚጨምር ጀማሪ ገንዘቡ በናሙና ያልቅበታል። አንድ ነገር በጥብቅ ማለት ያስፈልጋል፦ ሐረጉን ውሰዱ እንጂ መስቀሉንና የቅዱሳንን ሥዕል ሰው ለሚቀመጥበት ትራስና ለሚረገጥ ምንጣፍ አታውሉ። እዚህ ገበያ ላይ ይህን የሚያደርጉ አሉ፤ የሚያዝነው ወገን ማን እንደሆነ አያውቁም፤ እኛ ግን እናውቃለን።

ንድፉ ጨርቅ ላይ መጋጠሚያው ሳይታይ እንዲደጋገም የሚያደርገው ዘዴ ወረቀት፣ መቀስና ፕላስተር ብቻ ይፈልጋል። አራት ማዕዘን ወረቀት ላይ መካከሉን ብቻ ሥሉ፤ ጠርዙ አይነካ። ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች ለሁለት ቁረጡና ግራውን በቀኝ፣ ቀኙን በግራ አዛውራችሁ ከጀርባ በፕላስተር አያይዙ። አሁን ደግሞ አግድም ለሁለት ቁረጡና የላዩን ታች፣ የታቹን ላይ አድርጉ። መጀመሪያ የተሣለው ወደ አራቱ ማዕዘናት ሸሽቶ መካከሉ ባዶ ይሆናል። ባዶውን ሙሉ፤ አሁንም ጠርዙን ሳትነኩ። ዘጠኝ ቅጂ አባዝታችሁ ሦስት በሦስት ግድግዳ ላይ ለጥፉና ከአራት ሜትር እየራቃችሁ እዩት። በአንዱ ወረቀት ላይ የማይታይ ስህተት እዚያ ይወጣል፦ ባዶ ቦታዎች ይገጣጠሙና ጨርቁን የሚያቋርጥ ነጭ ወንዝ ይሠራሉ። መድኃኒቱ እያንዳንዱን ዓምድ ከጎረቤቱ በግማሽ ዝቅ ማድረግ ነው። በሲሊንደር የሚያትሙ የጨርቅ ፋብሪካዎች በብዛት የሚሠሩበት የድግግሞሽ ርዝመት 64 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ የንድፉ ቁመት 64፣ 32 ወይም 16 ይሁን። 30 ሴንቲ ሜትር የሣለ ሰው ንድፉ ያለ ፈቃዱ ይለጠጥበታል። በኮምፒዩተር ሲቀመጥ በእውነተኛ መጠኑ፣ በኢንች 300 ነጥብ ይሁን።

ለሸማኔ የሚሰጥ ንድፍ ግን በካሬ ወረቀት ላይ ነው የሚሠራው። እያንዳንዱ ካሬ ስንት ድርና ስንት ማግ እንደሆነ ይጻፋል። ክብ መስመር እዚያ ላይ ደረጃ ይሆናል፤ ይህን ሳያውቅ የተሣለ አበባ ከሸማኔው እጅ ሲወጣ ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል፤ ሠዓሊው ደግሞ ሸማኔውን ይቆጣል። ጥፋቱ የሠዓሊው ነው።

ልክ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብ የሚፈሰው እዚህ ነውና። አውሮፓ ውስጥ የተለመደው የሶፋ ትራስ 45 በ45 ወይም 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ነው። 50 በ50 የትራስ ልብስ ሊሠራ ነው እንበል። ለስፌት በየጎኑ 1.5 ሴንቲ ሜትር ሲጨመር 53 ይሆናል። የእጅ ሸማ ግን ሲታጠብ ይሰበሰባል። ስንት? በግምት አይሆንም። ከጨርቁ ላይ 50 በ50 ካሬ በክር ምልክት አድርጉ፣ በ40 ዲግሪ ሦስት ጊዜ እጠቡና አድርቁ፣ ከዚያ በድሩም በማጉም አቅጣጫ ለኩ። 46 ከሆነ ስምንት በመቶ ገብቷል ማለት ነው። 53ን ለ0.92 ሲያካፍሉ 57.6 ይመጣል፤ ሸማኔው 58 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይሥራ። ይህ ስፋት አስቀድሞ ሲነገረው ከጨርቁ የሚጣል ቁራጭ የለም። ሳይነገረው 80 ሴንቲ ሜትር የሠራው ሸማ ግን ሩቡ ቅዳጅ ሆኖ ይቀራል፤ የደከመበት ደግሞ ሰው ነው። የውስጡ ትራስ ከልብሱ በ5 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ፤ እኩል ከሆነ ማዕዘኖቹ ይላሽቃሉ።

በግድግዳ ሥዕልም ያው ነው። እዚህ የተዘጋጀ ፍሬም 30 በ40፣ 40 በ50፣ 50 በ70 እየተባለ በየመደብሩ ይሸጣል። ከአገር ቤት የሚመጣው ሥዕል 63 በ88 ይሆናል፤ ሸራው በተገኘው እንጨት ልክ ስለተወጠረ ነው። ለዚያ ልክ ፍሬም ማሠራት አንዳንዴ ከሥዕሉ በላይ ያስወጣል፤ ስንት ሥዕል ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ የሚጠጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ክር ሲገዛ ለጠቅላላው ትዕዛዝ የሚበቃው፣ አሥር በመቶ ተጨምሮ፣ በአንድ ቀን ከአንድ ንክር፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አብሮ ከተነከረው፣ ይገዛ። ዛሬ ከመርካቶ የተገዛ ቀይና በሚቀጥለው ሳምንት የተገዛ ቀይ ሱቅ ውስጥ አንድ ይመስላሉ፤ መስኮት አጠገብ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይለያያሉ። ቀለም ይለቅ እንደሆነ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ሃያ ጊዜ ፈትጎ ማየት ይበቃል። የአውሮፓ ሕግ ከዚህ ያልፋል፦ ከቆዳ ጋር የሚነካካ ጨርቅ ላይ አዞ (azo) ከሚባሉት የኬሚካል ማቅለሚያዎች የሚወጡ፣ አሚን የተባሉ የተከለከሉ ኬሚካሎች በኪሎ ከ30 ሚሊ ግራም እንዳይበልጡ ይደነግጋል። ስለዚህ ማቅለሚያው ምን እንደሆነ የማይታወቅ ክር ለውጭ ገበያ ባይገዛ ይሻላል። የክሩን ዓይነት በመቶኛ የሚገልጽ መለያ ዕቃው ላይ በደንብ መያያዙም ግዴታ ነው።

ዋጋ ላይ አገር ቤት ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ክርና የእጅ ዋጋ ነው። የሠዓሊው ሰዓት፣ የተበላሸው ናሙና፣ ማሸጊያው አይቆጠርም። ሁሉም ተደምሮ አንድ ትራስ 10 ዩሮ ከፈጀ ለሱቅ የሚሸጥበት የጅምላ ዋጋ 20፣ ሱቁ የሚሸጥበት ከ40 እስከ 50 ነው። ሱቁ ኪራይና ግብር ስላለበት እጥፍ ማድረጉ ስስት አይደለም። ትልቁ ስህተት ግን እዚህ ላይ ይሠራል፦ ሠዓሊው ያንኑ ትራስ በፌስቡክ ገጹ በ25 ይለቀዋል። ሱቁ ባየው ቀን ግንኙነቱ ያበቃል። የችርቻሮ ዋጋ የትም ይሸጥ የት አንድ ነው።

ማምረት ለማይፈልግ ሠዓሊ ሌላ መንገድ አለ፤ ንድፉን ማከራየት። በቤት ማስዋቢያ የተለመደው ሮያሊቲ፣ ማለትም ከተሸጠው ዕቃ ሁሉ ለንድፉ ባለቤት የሚከፈለው ድርሻ፣ ከጅምላ ዋጋ ከ3 እስከ 10 በመቶ ነው። በ20 ዩሮ ጅምላ፣ በ5 በመቶ፣ ከአንድ ትራስ 1 ዩሮ መሆኑ ነው፤ ትንሽ ይመስላል፣ ሁለት ሺህ ትራስ እስኪሸጥ ድረስ። ውሉ ለየትኛው ዕቃ፣ ለየትኛው አገር፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ ይጻፍበት፤ "ለሁሉም፣ ለዘላለም" የሚል ውል አይፈረም። ሸራን መሸጥ የማባዛት መብትን መሸጥ እንዳልሆነ አገር ቤት ያሉ ገዢዎችም ሊያውቁት ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠዓሊው መብት በሕይወት ዘመኑና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ዕቃው ላይ የሚውል የኢንዱስትሪ ንድፍ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይመዘገባል፤ ጥበቃው አምስት ዓመት ሆኖ ሁለት ጊዜ ይታደሳል። አዲስነት ስለሚጠየቅ ቲክቶክ ላይ ከመለቀቁ በፊት መመዝገብ ይበጃል።

ስለ ማጓጓዣ መሶብን እንይ። ክብደቱ ሁለት ኪሎ የሚሆን፣ በ50 በ50 በ60 ካርቶን የታሸገ መሶብ በአየር ሲላክ ፈጣን መልእክት ድርጅቶች ሦስቱን ልክ አባዝተው ለ5,000 ያካፍላሉ፦ የ30 ኪሎ ሂሳብ። የሚከፈለው ለአየሩ ነው። አሥር የግድግዳ ሰፌድ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ በ50 በ50 በ20 ሲታሸግ ግን 10 ኪሎ ይሆናል፤ ለአንዱ አንድ ኪሎ ማለት ነው። ስንደዶው፣ አለላው፣ ወስፌው ያው ነው። እዚህ አገር ግድግዳ ላይ የተለያየ መጠን ያላቸው ሰፌዶች በአምስትና በሰባት ተደርገው ሲሰቀሉ የሚታየውም ከውበቱ ሌላ ይህ ሂሳብ ስላለበት ነው። ከመታሸጉ በፊት በደንብ ይድረቅ፤ እርጥበት ያለው ሰፌድ በላስቲክ ውስጥ ይሻግታል።

ቀረጥን በተመለከተ ለአውሮፓ ኅብረት የኢትዮጵያ ዕቃ የመነሻ አገር ደንቡን፣ ማለትም በእርግጥ እዚያው የተሠራ መሆኑን የሚጠይቀውን፣ ካሟላ ከቀረጥ ነፃ ይገባል፤ ዋጋው እስከ 6,000 ዩሮ ለሆነ ጭነት ላኪው ራሱ በደረሰኙ ላይ የሚጽፈው መግለጫ ይበቃል። ተጨማሪ እሴት ታክሱ ግን ይከፈላል። አሜሪካ ከባድ ሆኗል፦ አገራችን ከ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ከአጎአ ወጥታለች፣ እስከ 800 ዶላር የነበረው የትናንሽ ጥቅል ነፃነትም በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ቀርቷል።

እኛ ውጭ ያለነው ደግሞ ለበዓል ስንሄድ በሻንጣችን ሁለት ሦስት ዕቃ ይዘን መመለሳችንን ገበያ አድርገን እናየዋለን። አይደለም። ያ ግዢ ለሠዓሊው የሚነግረው ነገር የለም። የሶፋችንን ትራስ ለክተን፣ የግድግዳችንን ፍሬም ልክ ጽፈን፣ የምንፈልገውን ቀለም ፓንቶን በሚባለው የቀለም መለያ ቁጥር ለይተን፣ ግማሹን ቀብድ ከፍለን ስድስት አንድ ዓይነት ብናዝ ግን እጁ ላይ የሚቀር ልክ ይኖረዋል። አገር ቤት ያሉ ሆቴሎችም እንዲሁ። 120 ክፍል ያለው ሆቴል በየክፍሉ ሁለት ትራስ ቢያዝ 240 ነው፤ ለምትክ አሥር በመቶ ሲጨመር 264። ሆቴሉ ከሦስት ዓመት በኋላ ሃያ ሲጨምር ያንኑ ቀይ ይፈልጋል።

ለዚያ ቀን የሚዘጋጀው የመጀመሪያው ትዕዛዝ ሲያልቅ ነው። ከጨርቁ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ካርቶን ላይ ስፉት፤ ከእያንዳንዱ ክር አንድ ክንድ ጠቅልላችሁ አብራችሁ አያይዙ። በጀርባው የንድፉ ስም፣ የታጠበና ያልታጠበ ልክ፣ በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያለው የድርና የማግ ብዛት፣ የክሩ ሻጭና የተገዛበት ቀን፣ የሸማኔው ስም ይጻፍ። ብርሃን በማይነካው ሳጥን ይቀመጥ፤ ፀሐይ ያየው ቀይ በዓመቱ ሌላ ቀይ ነው።