«ስፓም ውስጥ ፈልጉት» መልስ አይደለም

አንድ መሥሪያ ቤት ለቅጥር ያመለከቱ ሰዎችን ለጽሑፍ ፈተና የጠራው በኢሜይል ነበር። በፈተናው ቀን ብዙዎቹ ሳይመጡ ቀሩ፤ ቆይተው ሲጠይቁም «ልከንላችኋል፤ ስፓም ውስጥ መፈለግ ነበረባችሁ» ተባሉ። እውነትም ጥሪው «ሎተሪ ደርሶዎታል» ከሚሉ መልእክቶች ጋር ተቀምጦ ተገኘ። ችግሩን እንዳይ ተጠርቼ ስለነበር ጥፋቱ የላኪው እንደነበር አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

ከአመልካቾቹ አንዷ መልእክቱን በጂሜል ከፍታ፣ ከጎኑ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታ ኦሪጅናሉን የሚያሳየውን ምርጫ ስትጫን ነገሩ ወለል ብሎ ታየ። ኤስፒኤፍ አላለፈም፤ የዲኪም መስመር ጭራሹን የለም። ኤስፒኤፍ በአንድ ዶሜን (በኢሜይል አድራሻ ከ@ ቀጥሎ በሚመጣው ስም) ኢሜይል መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች በዲኤንኤስ፣ ማለትም በዶሜኖች የሕዝብ ማውጫ ላይ የሚዘረዘሩበት መዝገብ ሲሆን፣ ዲኪም ደግሞ መልእክቱ ከባለ ዶሜኑ መምጣቱንና በመንገድ ላይ አለመነካካቱን የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፊርማ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች የዕለት ተዕለት ኢሜይላቸውን የሚልኩት በጎግል በኩል ስለሆነ መዝገቡ የሚያውቀው ጎግልን ብቻ ነበር። የፈተናውን ጥሪ የላከው ግን ድረ ገጹ ራሱ፣ ከብዙ ደንበኞች ጋር ከሚጋራው የሆስቲንግ (የድረ ገጽ ማስቀመጫ) ሰርቨር ነው። ለተቀባዩ ይህ የማያውቀው ሰው የሌላ ሰው መታወቂያ ይዞ እንደመጣ ያህል ነው።

የአይቲ ባለሙያው ይህን እንደሰማ ለሆስቲንጉ ሁለተኛ የኤስፒኤፍ መዝገብ ጨመረ፤ ደኅና ይደርስ የነበረው የሠራተኞቹ ኢሜይልም ማጣሪያውን ማለፍ አቃተው። አንድ ዶሜን ሊኖረው የሚገባው የኤስፒኤፍ መዝገብ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ሲሆኑ ተቀባዩ እንደ ስሕተት ይቆጥረዋል እንጂ አዳምሮ አያነባቸውም። ሁለቱን በአንድ መስመር ማዋሃድ ይቻል ነበር። እኔ ግን አልመከርኩም፤ የጋራ ሰርቨርን ፈቃድ መስጠት ለማናውቃቸው ጎረቤቶችም በር መክፈት ነውና፤ ከእነሱ የአንዱ ድረ ገጽ ተጠልፎ ስፓም ቢረጭ የሰርቨሩ አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መለያ ቁጥሩ) ስፓምሀውስን በመሳሰሉ የጥቁር መዝገቦች ላይ ይሰፍራል፣ ያላጠፋውም አብሮ ይቀጣል። የሚሻለው ድረ ገጹ መልእክቱን በራሱ ከመላክ ይልቅ በጎግሉ የኤስኤምቲፒ (ኢሜይል የሚላክበት ደንብ) አካውንት፣ ለመተግበሪያ ተብሎ የሚወጣ የይለፍ ቃል አስገብቶ እንዲልክ ማድረግ ነው።

የራሱን የኢሜይል ሰርቨር የሚያስተዳድር ደግሞ ከአይፒው ወደ ስሙ የሚመልሰውን የፒቲአር መዝገብ ማስሞላት አለበት። ይህን የሚሞላው የአይፒው ባለቤት፣ ማለትም አገልግሎት አቅራቢው ስለሆነ ዶሜኑ በተገዛበት ገጽ ላይ ቀኑን ሙሉ ቢፈልጉት አይገኝም።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ትንንሽ ላኪዎችን ያንገላታሉ የሚለው ቅሬታ መሠረት የለውም አልልም። ሆኖም በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤስኤምቲፒ ደንብ የላኪውን ማንነት የሚጠይቅበት መንገድ ስላልነበረው ማንም በማንም ስም ሲልክ ኖሯል። ጎግልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ የሚጠይቁት ደግሞ የተደበቀ ነገር አይደለም፦ ማንኛውም ላኪ ከኤስፒኤፍና ከዲኪም ቢያንስ አንዱን ማሟላት አለበት። ወደ ጂሜል በቀን ከ5,000 በላይ መልእክት የሚልክ ሁለቱንም አሟልቶ ዲማርክ፣ ማለትም ማጣሪያውን ያላለፈ መልእክት ምን ይደረግ የሚለውን ለተቀባዩ የሚነግር መዝገብ ይጨምራል፤ «ስፓም ነው» የሚሉ ተቀባዮቹም 0.3 በመቶ እንዳይደርሱ ይጠበቅበታል። ዲማርክን የሚጀምር ሰው ግን በመጀመሪያው ቀን «ያላለፈውን አትቀበሉ» ብሎ አይጻፍ። ሪፖርት ብቻ በሚያመጣው ደረጃ ጥቂት ሳምንታት ካልቆየ፣ የረሳው የደረሰኝ ወይም የደመወዝ ሲስተም የሚልከው ሁሉ ተመላሽ ይሆንበታል።

የዚያ መሥሪያ ቤት ማስተካከያ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። ፈተናው ያመለጣቸውን ሰዎች ግን፣ እስከማውቀው ድረስ፣ ማንም ዳግመኛ አልጠራቸውም።