ኦካቫንጎ የሚሞላው በደረቁ ወቅት ነው
ስለ አፍሪካ ሳፋሪ ካምፖች ያነበብኩት ጽሑፍ «ላጉን (የረጋ ውሃ ያለበት ኩሬ) ዳር ያሉት የሳፋሪ ካምፖች ውሃ የሚሞላላቸው በዝናብ ወቅት ነው» ይላል። ለቦትስዋናው ኦካቫንጎ፣ ማለትም ወንዙ ተሰራጭቶ ለሚፈጥረው ሰፊ ረግረግ፣ ይህ ትክክል አይደለም። ውሃው የሚመጣው ከአንጎላ ደጋ ነው፤ ወራት ተጉዞ ይደርስና ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ እዚያው ጠብታ ዝናብ በሌለበት ጊዜ፣ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ይደርሳል። እኔ የሄድኩት በሐምሌ ነበር፤ ድንኳኔ ፊት ያለው ላጉን ጢም ብሎ ሞልቷል። ማለዳ ጀልባ ላይ ግን ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፣ ወፍራም ጃኬት ያዙ። በጽሑፉ ላይ አስተያየት ሲሰጡ «ካምፑ አጥር ስላለው ለልጆች አያሰጋም» ላሉት፦ እዚያ አብዛኞቹ ካምፖች አጥር የላቸውም። ጉማሬ ማታ ሣር ሊግጥ ከውሃ ይወጣና በድንኳኖቹ መሃል ያልፋል። ከጨለመ በኋላ ወደ እራት የሚሄዱት በአጃቢ ነው። ትንንሽ ልጆችን የማይቀበሉ ካምፖችም ብዙ ናቸው፤ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ።